መስኮቱን ያሰፋው ስደተኛ

ቴሌቪዥን ዛሬ በየቤታችን ከመሶቡና ከረከቦቱ ያልተናነሰ ቦታ ይዞ ተቀምጧል። ልጆቻችን ስለሚያዩት ነገር እንነጋገራለን፣ እንቆጣለን፣ ሲብስብንም ሶኬቱን እንነቅላለን። ስለ ዕቃው ብዙ ተብሏል። ከዕቃው በስተጀርባ ስላሉት ሰዎች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በመስኮቱ የምናየው ተዋናዩን ነው፤ ካሜራው የት እንደሚቆም፣ የማን ፊት መቼ እንደሚቀርብ፣ ዝምታው እስከ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነውን አዘጋጅ አናየውም። ዛሬ ከእነዚህ ከማይታዩ ሰዎች ስለ አንዱ፣ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ገና በዳዴ ላይ በነበረበት ዘመን ስለ ሠራው ስለ ሩዶልፍ ካርቲየር ላጫውታችሁ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ።

ካርቲየር እንግሊዛዊ አልነበረም፤ ስሙም መጀመሪያ ካርቲየር አልነበረም። ኤፕሪል 17 ቀን 1904 በቪየና ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ሲወለድ የተሰጠው ስም ሩዶልፍ ካትሸር ነበር። በመጀመሪያ ሥነ ሕንጻ መማር ጀመረ፤ ኋላ ግን ትቶት ወደ ቪየና የሙዚቃና የትያትር አካዳሚ ገባ። እዚያ ካስተማሩት አንዱ በዘመኑ በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ስሙ የገነነው የመድረክ ሰው ማክስ ራይንሃርት ነው። ራይንሃርት የተውኔት ጽሑፍን እንደ ሙዚቃ ኖታ ይቆጥረው ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ገና ድምፅ አይደለም፤ ሙዚቀኛው ኖታውን እንደሚጫወተው ሁሉ አዘጋጁም ጽሑፉን ማሰማት አለበት ማለቱ ነው። ካርቲየር ይህን ትምህርት ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖሯል። የሕንጻውም ትምህርት ቢሆን ከንቱ የቀረ አይመስለኝም፤ ኋላ በጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ሰፊ ዓለም ለማቆም የደፈረው ስለ ቦታ የሚያስብ አእምሮ ስለነበረው ይሆናል።

ከ1929 ጀምሮ በበርሊን የፊልም ጽሑፍ ይጽፍ ነበር። አብዛኞቹ የወንጀል ታሪኮች ነበሩ፤ ቶሎ ተጽፈው ቶሎ የሚሠሩ። በ1933 የመጀመሪያ ፊልሙን አዘጋጀ። በዚያው ዓመት ግን ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ ለአይሁድ የፊልም ባለሙያም በጀርመን የሚቆይበት ምክንያት አበቃ። የሥራ ባልደረባው ቢሊ ዋይልደር ወደ አሜሪካ ና ብሎ አበረታው። ሄደም። ዋይልደር በሆሊውድ ታላቅ ስም ሲያተርፍ ለካርቲየር ግን አልሆነለትም። በ1935 እንደገና ጓዙን ጠቅልሎ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። በአውሮፓ የቀሩት ዘመዶቹ፣ ከእነርሱም መካከል እናቱ፣ በናዚዎች እጅ ተገደሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ስደተኛ በሄደበት አገር የሚጠብቀው መከራ ረሃብና ብርድ ብቻ አይደለም። ሙያውም ከእርሱ ጋር ይሰደዳል፤ ቋንቋው ግን ወዲያ ይቀራል። ጽሑፍ እንጀራው ለሆነ ሰው ደግሞ ቋንቋ ማጣት እጅን እንደ ማጣት ነው። በበርሊን የታወቀ ጸሐፊ የነበረው ሰው በለንደን የሚያውቀው አልነበረም። ስሙን ለጆሮ እንዲቀል ለወጠ፤ ያም ሆኖ የእንግሊዝ ፊልም በሩን አልከፈተለትም። ወዲያ ወዲህ ሲል፣ አልፎ አልፎም ለፊልም ሲጽፍ ዓመታት ነጎዱ። የሚፈልገው ሥራ ሲመጣለት ዕድሜው 48 ደርሶ ነበር። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ተስፋውን ወደ ልጆቹ ያዞራል።

አሁን ስለ ዘመኑ ቴሌቪዥን ጥቂት ልበል፤ ያለዚያ የሰውየው ሥራ አይገባንም። ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭት የጀመረው ኖቬምበር 2 ቀን 1936 በሰሜን ለንደን ኮረብታ ላይ ካለው ከአሌክሳንድራ ፓላስ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሴፕቴምበር 1939 ሲመጣ ስርጭቱ ተቋረጠ፤ የቀጠለው በጁን 1946 ነው። በዚያ ጊዜ ድራማ የሚተላለፈው በቀጥታ ነበር። ተዋንያኑ በዚያች ደቂቃ ይጫወታሉ፤ በዚያችው ደቂቃ ሕዝቡ በየቤቱ ያያል። እርማት የለም፣ እንደገና የለም። አዘጋጁ ከስቱዲዮው በላይ ባለች ክፍል ተቀምጦ የእያንዳንዱን ካሜራ ምስል በትናንሽ መስኮቶች እያየ አሁን ይህኛው፣ አሁን ያኛው ይላል። ተዋናይዋ በአንዱ ጥግ ንግግሯን ስትጨርስ ካሜራው ወደ ሌላ ሰው ይዞራል፤ እርሷ በዚያች ቅጽበት ኮቴዋን ሳታሰማ ሮጣ፣ ልብሷን ቀይራ፣ በሌላው ጥግ በተሠራው ቤት ደጃፍ ቆማ ትጠብቃለች። ቃል የጠፋው ሰው ራሱ ያውቅበታል። ነገ የለውም።

ስለዚህም የጊዜው አዘጋጆች ይፈሩ ነበር። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩም ትንሽ ይሁን፤ አንድ ሳሎን፣ ሦስት ሰው፣ አንድ ሻይ ብለው ነበር የሚያስቡት። ብዙውም ከለንደን መድረክ የተወሰደ ተውኔት ነበር። በ1952 ማይክል ባሪ የተባለው ሰው የቢቢሲ ቴሌቪዥን የድራማ ክፍል ኃላፊ ሆነና ካርቲየርን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ጠራው። ሥራ የሚለምን ሰው በእንዲህ ያለ ወንበር ፊት ሲቀርብ ምን ይላል? ያመሰግናል፤ ያደንቃል። ካርቲየር ግን የክፍሉ ሥራ እጅግ መጥፎ እንደሆነ፣ አዲስ ጽሑፍና አዲስ አሠራር እንደሚያስፈልገው በግልጽ ነገረው። ባሪም አልተቀየመም፤ ቀጠረው። ለዚህ ለባሪ ሊነገር ከሚገባው ምስጋና ግማሹ እንኳ ተነግሮለታል ብዬ አላስብም። እውነት የተናገረውን ሰው አስወጥቶ ያሞገሰውን ማስገባት ለአለቃ ቀላሉ መንገድ ነበርና።

የመጀመሪያ ሥራው በጁላይ 1952 ተላለፈ። በጀርመናዊው ደራሲ አልብሬኽት ጎስ ልቦለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ከጦር ሠራዊቱ ከድቶ ሞት የተፈረደበት ወታደር አለ፤ በመጨረሻዪቱ ሌሊት አብሮት እንዲሆን የሚላክ የሠራዊቱ ቄስ አለ። እናቱን በጀርመኖች እጅ ያጣ ሰው ለእንግሊዝ ሕዝብ መጀመሪያ ያቀረበው የጀርመን ወታደርን ሐዘን መሆኑን ልብ በሉልኝ። ንግግሩ ጀርመንኛ ጀርመንኛ ስለሸተተ እንዲያስተካክለው አንድ የቢሮው ወጣት ጸሐፊ ተሰጠው። ወጣቱ ናይጀል ኒል ይባላል። ስደተኛውና ይህ ወጣት በዚህ ተዋወቁ፤ ኋላ አብረው የሠሩትም የእንግሊዝን ቴሌቪዥን መልክ ለወጠው።

በ1953 የበጋ ወራት ለቅዳሜ ማታ የሚሆን ታሪክ ያስፈልግ ነበርና ኒል ጻፈው። «የኳተርማስ ሙከራ» ይባላል፤ ስድስት ክፍል አለው። ሦስት ሰዎች በሮኬት ወደ ጠፈር ሄደው አንዱ ብቻ ይመለሳል፤ የተመለሰውም ቀስ በቀስ ሰው መሆኑ እየቀረ ወደ ሌላ ፍጡር ይለወጣል። ሰው ገና ወደ ጠፈር ሳይወጣ፣ ጋጋሪንም የሄደው በ1961 መሆኑን አስታውሱ። ጠቅላላ ወጪው 4,000 ፓውንድ የማይሞላ ነበር። የተሠራውም በዚያው በአሮጌው አሌክሳንድራ ፓላስ፣ ቢቢሲ ካሉት ሁሉ ባረጁ ካሜራዎች ነው።

ለሕዝቡ የነበረውን ስሜት ለመገመት ከሁለት ወር በፊት የሆነውን ማወቅ ያሻል። ጁን 2 ቀን 1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ በዌስትሚንስተር አቢ ዘውድ ስትጭን 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በቴሌቪዥን ተመልክቷል። ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን የገዛው ለዚያች ቀን ሲል ነው፤ ያልገዛውም ከጎረቤቱ ሳሎን ተቀምጦ አይቷል። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በየሰፈራችን አንድ ቴሌቪዥን ያለው ቤት የሁሉም ቤት የነበረበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እና ካርቲየርና ኒል የታሪካቸውን መጨረሻ የት አደረጉት? በዚያው በዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ! ሕዝቡ ገና በዐይኑ ላይ ያለውን የክብር ቦታ በኦገስት 22 ሲያይ ከግድግዳው ላይ አውሬ ተንጠልጥሎበታል።

አውሬውን ግን ስሙት። ቤተ መቅደሱ ሰፋ ተደርጎ የታተመ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ቀዳዳ ተበጀ፤ አውሬው ደግሞ ቅጠላ ቅጠልና ቁርጥራጭ የተለጠፈበት ጓንት ነበር። በጓንቱ ውስጥ ያሉት እጆች የራሱ የደራሲው የኒል ነበሩ። ከፎቶግራፉ ኋላ ቆሞ እጁን በቀዳዳው አሾልኮ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ ነበር። ይህን ስሰማ ሳቄ ይመጣል፤ ሆኖም በዚያች ማታ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው አይቶ አልሳቀም። ያስፈራቸው ጓንቱ ሳይሆን ከዚያ በፊት በአምስት ሳምንት የተገነባው ነገር ነው፤ የአንድ ሰው ፊት እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ ከሕመሙ ጋር በየሳሎኑ ገብቶ ነበርና።

ኋላ ቀር የሚመስለውን ይህን አሠራር ካርቲየር በሁለት መንገድ አሸነፈው። አንደኛ፣ አስቀድሞ በፊልም የተነሡ የውጭ ትዕይንቶችን በቀጥታው ጨዋታ መካከል ያስገባ ነበር። ይህ ሰፊውን ዓለም ከማሳየቱም ሌላ ተዋናዩ ልብስ የሚለውጥበትን ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ሰፊውን ካሳየ በኋላ ድንገት ወደ ፊት ይጠጋል። ሲኒማ ቤት ሺህ ሰው አብሮ ይደነግጣል፤ በቤቱ የተቀመጠ ሰው ግን ብቻውን ነው፤ የሚያበረታው ጎረቤት የለውም። ካርቲየር ይህን ያውቅ ነበር። ማወቁ ኃይል ነው፤ ኃይል ደግሞ ጥያቄ ያስነሣል።

ጥያቄው የተነሣው ዲሴምበር 12 ቀን 1954፣ እሑድ ማታ ነው። ሁለቱ ሰዎች የጆርጅ ኦርዌልን «1984» የተባለ ልቦለድ በድራማ አቀረቡ። መንግሥት ሰውን ሁሉ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ መስኮት የሚሰልልበት፣ ባልና ሚስት የማይተማመኑበት፣ ልጅ አባቱን የሚከስስበት አገር ታሪክ ነው። ዊንስተን የተባለውን ጭቁን ሠራተኛ የተጫወተው ፒተር ኩሺንግ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ተመልካቹ በሳሎኑ መስኮት የሚያየው በሳሎን መስኮት ስለሚታይ ሰው ነው። በመጨረሻ ዊንስተን የሚሰቃይበት፣ አይጦች የሚቀርቡበት ክፍል ሲመጣ አገሩ ተናወጠ። ስልኩ ጮኸ፣ ደብዳቤ ጎረፈ። በፓርላማ ቢቢሲን የሚወቅስ ሐሳብ ቀረበ፤ ሌሎች እንደራሴዎች ደግሞ የሚያመሰግን አቀረቡ። ለካርቲየርም የግድያ ዛቻ ደረሰው።

ድራማው ሐሙስ ዲሴምበር 16 ይደገም ነበር። መደገም ማለት ያን ጊዜ ተዋንያኑ ተመልሰው መጥተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደገና መጫወት ማለት ነው። ይቅር የሚል ግፊት በረታ። ከሐሙስ በፊት የንግሥቲቱ ባለቤት ልዑል ፊሊፕ እርሳቸውና ንግሥቲቱ እንደ ወደዱት በአደባባይ ተናገሩ። ቢቢሲም ጸና፤ ሐሙስ ማታ ሰባት ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው፤ ከዘውዱ በዓል ወዲህ እንዲያ ያለ ተመልካች አልነበረም።

አሁን እኛ ቤተሰብ ያለን ሰዎች በየትኛው ወገን እንቆማለን? የሚቆጣውን ወላጅ አልፈርድበትም። እሑድ ማታ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ያልጠበቀው ነገር በቤቱ ገባ። በእንግሊዝ በዚያ ዘመን ከማታው 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ቴሌቪዥን ጨርሶ ይጠፋ ነበር፤ ወላጆች ሕፃናቱን እንዲያስተኙ ታስቦ ነው። ይህ ልማድ የቀረው በፌብሩዋሪ 1957 ነው። (ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውን ሰዓት ለልጆቻቸው ለማትረፍ የሚታገሉ እናቶች ይህን ሲያነቡ የሚቀኑ ይመስለኛል።) በ1955 ሁለተኛው የኳተርማስ ታሪክ ሲተላለፍም አስተዋዋቂው አስቀድሞ ለሕፃናትና ለሚደነግጡ ሰዎች አይስማማም ብሎ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ግን ቁልፉን አይዘጋም፤ የሚዘጋው በቤት ያለ ሰው ነው።

ካርቲየርንም ደግሞ ለማስፈራራት ሲል ያስፈራራ ሰው ነው ብዬ አላየውም። መንግሥት ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ሲያስነሣ፣ ልጅ ወላጁን ሲጠቁም በዐይኑ ያየው ዘመን ነው። ለእንግሊዙ ተመልካች ልብ ወለድ የሆነው ነገር ለእርሱ የእናቱ ታሪክ ነበር። ደም ለማሳየት ብሎ ደም የሚያሳየውን የዛሬውን ፊልም ከዚህ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም። እኔ በዚያች ሐሙስ ብኖር ልጆቹን አስተኝቼ ራሴ አየው ነበር።

ይህን ፍርዴን የሚያጸናልኝ ሦስተኛው የኳተርማስ ታሪክ ነው፤ ከዲሴምበር 1958 እስከ ጃንዋሪ 1959 ተላለፈ። በለንደን ለሕንጻ መሠረት ሲቆፈር ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የመጣ ዕቃ ይወጣል። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ በሰው ልብ ውስጥ የተቀበረ ነገር ይነቃል፤ ሕዝቡ መንጋ ሆኖ ከእርሱ የማይመስለውን ሁሉ እያደነ ይገድላል። ይህ በተላለፈበት ዓመት፣ በ1958 የበጋ ወራት፣ በለንደን ኖቲንግ ሂል ሰፈር ከካሪቢያን በመጡ ጥቁሮች ላይ ነጭ ወጣቶች ተነሥተው ቤት ሰብረው ሰው ደብድበው ነበር። ደራሲው ሆን ብሎ ጻፈው፤ አዘጋጁም መንጋ ምን እንደሚመስል የሚነግረው አላስፈለገውም። የመጨረሻውን ክፍል 11 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራ፤ ኦፔራም አዘጋጀ፣ በ1961 ሾን ኮኔሪ የተጫወተበትን «አና ካሬኒና» አቀረበ። እነዚህን ልዝለላቸው። የሚበልጡብኝ ወደ ራሱ ቁስል የተመለሰባቸው ናቸው። በ1962 የሠራው ስለ ፖላንዳዊው ሐኪም ያኑሽ ኮርቻክ ነው። ኮርቻክ በዋርሶ የአይሁድ ሰፈር የሙት ልጆች ቤት ያስተዳድር ነበር፤ በ1942 ናዚዎች ወደ 200 የሚሆኑትን ልጆች ወደ ትሬብሊንካ ሲወስዱ ራሱን ማዳን እየቻለ አብሯቸው ሄደ። ያ በጠፈርና በአውሬ የታወቀው አዘጋጅ ለዚህ ታሪክ ጌጥ አላበጀለትም፤ ባዶ መድረክ፣ ጥቂት ተዋንያን፣ ፊታቸው ብቻ። በ1965 ደግሞ የጆኤል ብራንድን ታሪክ ሠራ። በ1944 አይክማን ለዚህ የሀንጋሪ አይሁዳዊ፣ 10,000 የጭነት መኪና ካመጣህልኝ አንድ ሚሊዮን ሰው እለቅልሃለሁ ብሎት ነበር። ብራንድ በየአገሩ ደጃፍ ቢለምንም የሚሰማው አላገኘም።

በ1970ዎቹ ሥራው እየቀነሰ ሄደ፤ የመጨረሻውን ያቀረበው በ1976 ነው። ጁን 7 ቀን 1994 በለንደን በ90 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ቀን ዴኒስ ፖተር የተባለው ዝነኛ የቴሌቪዥን ደራሲም ሞተና ጋዜጦቹ ገጻቸውን ለእርሱ ሰጡ፤ የካርቲየር ሞት ከጥጉ ቀረ።

ሥራዎቹስ? የቀጥታ ስርጭትን ለማስቀመጥ የነበረው መንገድ የፊልም ካሜራ በቴሌቪዥን መስኮት ፊት አቁሞ መቅረጽ ነበር። «የኳተርማስ ሙከራ» ሁለት ክፍሎቹ ብቻ እንዲህ ተቀረጹ። ሁለተኛው ሲቀረጽ አንዲት ነፍሳት መስኮቱ ላይ አርፋ ስትሄድ እርሷም አብራ ተቀረጸች፤ እስከ ዛሬ ትታያለች። ጥራቱ ስላላረካቸው የቀሩትን አራት ክፍሎች ሳይቀርጹ ተዉ። ስለዚህ ያ ጓንት፣ ያ የተቀደደ ፎቶግራፍ፣ በዌስትሚንስተር አቢ የተንጠለጠለው አውሬ የሚታይበት ማታ የለም። የ«1984»ም የእሑዱ ጨዋታ የለም። ያለው የሐሙሱ ነው፤ ብዙዎች ይቅር ያሉት።